ሁለት ላስኮ፦ ስለ ፍሪሲዮን ፔዳል ለዞረው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ፍሪሲዮን ፔዳል የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ከረመ። እኔ ዘንድ ብቻ ከአራት ሰው ደርሷል። አንደኛው የአክስቴ ልጅ ነው፤ «ላዳህ ትዝ ብላኝ ነው» ይላል ከሥሩ። ጽሑፉ አማርኛው ያምራል፣ ቀልድም አያጣም፤ ሰው ቢወደው አይገርምም። መከራው የሚመጣው አምኖት ፔዳል ሥር በሚጋደመው ሰው ላይ ነው፤ ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

መጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። የአሮጌ ማንዋል መኪና ፍሪሲዮን ፔዳል ቢወልቅ መልሶ ለመግጠም መካኒክ አያስፈልግም፣ ነገሩ አንድ ቡሎን ነው፣ 20 ደቂቃ ይበቃዋል፣ ሁሉም አሮጌ መኪና ደግሞ አንድ ነው ይላሉ። ያለቀ ቦኮላ (ፔዳሉ የሚዞርባት ቀለበት) በግራሶ ይታለፋል፤ ሞላው ለምቾት እንጂ ለሥራ አይደለም፤ ፒን እንዳይወልቅ የሚይዘው ኮፒሊያ ከጠፋ ሽቦ ይተካዋል። ፔዳሉ ላይ ያለው ላስኮ፣ ማለትም ልል ጉዞ፣ የእርጅና ምልክት ስለሆነ ጨርሶ መጥፋት አለበት። ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ፔዳሉ ወለል ላይ ከቀረ ዘይቱን የሚገፋው ፖምፓ ሞቷልና ይቀየር፤ የፍሬን ዘይት ከጎደለና ከታጣ ቀጭን የሞተር ዘይት ይጨመርበት። በመጨረሻም እኛን የሰሜን ሸዋ ሰዎች ጠርተው፣ አዲስ የተገጠመ ፔዳል ለመፈተን ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ያለውን ቁልቁለት ፍሪሲዮን ረግጦ እንደ መውረድ ያለ ነገር የለም፣ ነዳጅም ይቆጥባል ብለዋል።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ደብረ ብርሃን የምኖር፣ አዲስ አበባ ታክሲ ሆና ጉልበቷን የጨረሰች ላዳ 2107 ገዝቼ ከሷ ጋር የማረጅ ሰው ነኝ። ፔዳሏን ሦስት ጊዜ አውርጄ ሦስት ጊዜ ሰቅያለሁ። ሁለቱን ጊዜ የሠራሁት ልክ ጸሐፊው እንደሚመክሩት ነው፤ ሳንተዋወቅ ምክራቸውን ቀድሜ ሞክሬላቸዋለሁ ማለት ነው።

የተስማማንበትን ላስቀድም። ከመፍታትዎ በፊት ሞላው በየት በኩል እንደተንጠለጠለ በስልክ ፎቶ ያንሱ ማለታቸው ትልቅ ምክር ነው፤ እኔ ይህን ባለማድረጌ አንድ ከሰዓት ሙሉ ሞላ ሳገላብጥ ውያለሁ። የባትሪውን ኔጋቲቭ ይንቀሉ ማለታቸውም ልክ ነው፤ የፍሬን መብራት ማብሪያው ከነሽቦው እዚያው አጠገብ ነው። ፔዳል መግጠም ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) እንደ ማውረድ ስላልሆነ ጥቂት ቁልፍና ብዙ ትዕግስት ያለው ሰው ይወጣዋል። ለዚህች ሥራ የማይገባ ገንዘብ የሚጠይቅ ጋራዥ እንዳለም አልክድም። እስከዚህ አብረን ነን።

«አንድ ቡሎን ነው» የሚለው ላይ ግን እንለያያለን። ላዳ ላይ እውነትም ረጅሙ ቡሎን አንድ ነው፤ ነገር የሚያበላሸውም አንድ መሆኑ ነው። ያ ቡሎን የፍሪሲዮኑን ፔዳል ብቻ አልተሸከመም፤ የፍሬኑም ፔዳል ከጎኑ እዚያው ላይ ተንጠልጥሏል። ቡሎኑ ሲወጣ ሁለቱም ይፈታሉ። ስለዚህ «እኔ የነካሁት ፍሪሲዮኑን ነው፣ ፍሬኑን አልነካሁም» የሚባል ነገር የለም። ሲመለስ በመካከል የሚገባው ቱቦ ወይም ሮንዴላ ቦታውን ቢስት የፍሬኑ ፔዳል ይያዛል፤ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ያን ጊዜ መኪናዋ ፍሬን እንደያዘች ትሄዳለች፣ የኋላው ቀይ መብራት አይጠፋም፣ ጎማዎቹ ሥር መጋል ይጀምራል። ጸሐፊው ስለ ፍሬን አንድ ቃል አለመተንፈሳቸው የጽሑፉ ትልቁ ጉድለት ይመስለኛል።

ደቂቃውንስ? በመጀመሪያው ቀን ከቁርስ በኋላ ጀምሬ የጨረስኩት ምሳ ካለፈ ነው። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋሁ፣ አሮጌ ጋቢ አጥፌ በሩ ደፍ ላይ አነጠፍኩ፣ በጀርባዬ ተንጋለልኩ፤ እግሬ ወንበሩ ላይ፣ ጭንቅላቴ ፔዳሎቹ ሥር። የእጅ ባትሪ በጥርሴ ነክሻለሁ። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ብረቱ ጣት ይነክሳል። ዳዶው ያለው መዳፍ በማይገባበት ጥግ ነው፤ ቁልፉ በአንድ ጊዜ ትንሽ ብቻ ይዞራል፣ ይወጣል፣ ይገባል፣ ደግሞ ትንሽ። ከዳሽቦርዱ ሥር የስንት ዓመት አቧራ ዓይኔ ውስጥ ገባ። 20 ደቂቃው ያለቀው ዳዶውን ሳገኘው ነው። ልማድ ያለው መካኒክ በሃያ ደቂቃ ይጨርሰው ይሆናል፤ ጽሑፉ የተጻፈው ግን ለሱ አይደለም።

ሁሉም አሮጌ መኪና አንድ ነው ለሚለው አንዲት ቮልስ ትበቃለች። የላዳ ፔዳል ከላይ ይንጠለጠላል፣ ኃይሉም በዘይት ይተላለፋል። የቮልስ ቢትል ፔዳል ግን ከወለሉ ነው የሚበቅለው፤ የሚጎትተውም ገመድ ነው። የገመዱ ዓይን ፔዳሉ ግርጌ ያለች መንጠቆ ላይ ይሰካል፤ ፔዳሉ ትንሽ ካዘነበለ ዓይኑ ከመንጠቆው ሸርተት ብሎ ይወድቃል። ስለዚህ ወለሉ ላይ ያለው ማቆሚያ ብረት እስኪታሰር ድረስ አንድ ሰው ፔዳሉን ይዞ መቆም አለበት። ያለ ረዳት የሞከረ ሰው ስንት ጊዜ እንደሚወድቅበት ይቁጠር። የላዳውን መመሪያ ይዞ ቮልስ ሥር የገባ፣ ወይም የቮልሱን ይዞ ላዳ ሥር የገባ፣ ሁለቱም ባዶ እጁን ይወጣል።

ቦኮላው። ቦኮላ ማለት በቡሎኑና በፔዳሉ መካከል ያለች ቀለበት ናት፤ ብረት ብረትን እንዳይበላ የምትበላዋ እሷ ናት። ላዳ ላይ ፕላስቲክ ናት። ጸሐፊው «በግራሶ ይታለፋል» ሲሉ ግራሶ ቦታ የሚሞላ መስሏቸው ነው። ግራሶ ያለሰልሳል እንጂ የጎደለ ውፍረት አይመልስም። ያለቀ ቦኮላ ላይ ግራሶ ሲቀባ ጩኸቱ ለሁለት ሳምንት ይጠፋል፤ ፔዳሉ ግን ወደ ጎን መንገዋለሉን አይተውም። የተንገዋለለ ፔዳል ደግሞ የፖምፓውን ገፊ ዘንግ ቀጥ አድርጎ ሳይሆን አጣምሞ ይገፋዋል፤ ፖምፓው ውስጥ ዘይት የሚያግደው ጎማ፣ ጎሚኒው፣ በአንድ ወገኑ ያልቃል። የኔን ቦኮላዎች ሳወጣቸው አንደኛው ሙሉ ቀለበት አልነበረም፤ ግማሽ ጨረቃ ሆኖ ነው የወጣው። የገዛሁት ቦኮላ ልኩ ስላልመጣ ቶርኖ ቤት ከናይለን አሠራሁት፤ ይኸው እስካሁን አለ። ይህን ስል ጸሐፊውን አንድ ነገር አልነፍጋቸውም፤ አዲሱ ቦኮላ ሲገባ በስሱ ግራሶ መቀባት አለበት፣ እሱን በትክክል ተናግረዋል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፤ ብዕር ያነሳሁትም ለዚህ ነው። ጸሐፊው ላስኮ ሁሉ በሽታ ነው ብለው ያምናሉ። ፔዳል ላይ ግን ያለው ላስኮ ሁለት ነው፤ እሳቸው አንድ አድርገው ቆጠሩት።

አንደኛው የአግድም ነው። ፔዳሉን ጫፉን ይዘው ወደ ግራና ቀኝ ሲነቀንቁት ቀጭ ቀጭ የሚለው። የሚመጣው ከቦኮላ ማለቅ፣ ገፊውን ዘንግ ከፔዳሉ ጋር ከሚያያይዘው ፒን መበላት፣ ከቀዳዳ መስፋት ነው። የኔን ፒን ሳወጣው መሃሉ ላይ ጥፍር የሚያስገባ ጎድጎድ ተበልቶበት ነበር፤ ገፊው ዘንግ የሚሰካበት ቀዳዳም ክብነቱ ጠፍቶ የእንቁላል ቅርጽ ይዟል። ይህ ላስኮ በእርግጥ እርጅና ነው፣ ይጥፋ፤ ከጸሐፊው ጋር አንድ ድምፅ ነን።

ሁለተኛው መኪናዋ ስትሠራ ሆን ተብሎ የተተወ ነው። ፔዳሉን በአንድ ጣት ሲጫኑት እንደ ላባ ይወርዳል፣ ከዚያ የሆነ ቦታ ላይ ክብደት ይጀምራል። ክብደት እስኪጀምር ያለችው ጉዞ ናት። ላዳ ላይ ልኳ ይታወቃል፤ ፔዳሉ ጫፍ ላይ በማስመሪያ ሲለካ ከ25 እስከ 35 ሚሊሜትር። ከሁለት ቦታ ነው የምትሰበሰበው። አንዷ ላይ ናት፤ በገፊው ዘንግና በላይኛው ፖምፓ ፒስተን መካከል ከ0.1 እስከ 0.5 ሚሊሜትር ክፍተት መኖር አለበት። ፔዳሉ ጋ ሲደርስ ከ0.4 እስከ 2 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ልብ ብሎ ያልነካው ሰው አይሰማውም። ሌላዋ ታች ናት፤ የታችኛው ፖምፓ የፍሪሲዮኑን ሹካ የሚገፋበት ዘንግ ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር ያህል በነፃ መሄድ አለበት። ከ25 እስከ 35 ያልነው ትልቁ ድርሻ የሚመጣው ከዚች ነው።

ያቺ ከላይ ያለችው ከግማሽ ሚሊሜትር የማትበልጥ ክፍተት ለምን አስፈለገች? ፖምፓው ውስጥ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች። ፒስተኑ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ሲመለስ ትከፈታለች፤ በቱቦው ያለው ዘይት ከላይ ካለው ቋት ጋር የሚገናኘው በሷ ነው። ፔዳሉ «ጠበቅ» እንዲል ብለው ላስኮውን ጨርሰው ካጠፉት ገፊው ዘንግ ፒስተኑን ሁልጊዜ በትንሹ ገፍቶ ይይዘዋል፤ ቀዳዳዋ እንደተደፈነች ትቀራለች። ሞተሩ ሲግል ዘይቱም ይግላል፣ ሲግል ያብጣል፣ የሚመለስበት መንገድ ግን የለም። የት ይሂድ? ሹካውን ይገፋል። እግርዎ ወለል ላይ አርፎ፣ ፍሪሲዮኑ ግን ግማሽ እንደተረገጠ ይሄዳል። ታች ያለውንም ክፍተት ካጠፉት ሹካው የሚገፋው ኩሽኔታ ዕረፍት የለውም፤ ሞተሩ እስከዞረ ድረስ አብሮ ይዞራል።

ይህንን ከመጽሐፍ ብቻ አላወቅሁትም። ሁለተኛውን ጊዜ ስገጥም ላስኮውን አጥፍቼ፣ ፔዳሉ እንደ አዲስ መኪና ቀጥ ብሎ ቆመልኝ ብዬ ተደሰትኩ። ከተማ ውስጥ ሁለት ቀን ምንም አላለችም። በሦስተኛው ቀን ሸዋ ሮቢት ወርጄ ሽንኩርት ጭኜ ስመለስ፣ ከቆላው ወደ ደብረ ሲና አቀበቱን ስጀምር ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናዋ ግን አትሄድም። ነዳጅ ስጨምር ጩኸቱ ይጨምራል፣ ፍጥነቷ ያው ነው። ቀጥሎ ያ የሚቃጠል ሸራ (የፍሪሲዮኑ ዲስክ ልባስ) ሽታ መጣ፤ አንዴ የሸተተው ሰው አይረሳውም። ዳር ይዤ ቆምኩ። አንድ የአይሱዙ ሾፌር ቆመልኝ፤ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው። ኮፈን አልከፈተም፤ በመስኮት እጁን አስገብቶ ፔዳሉን በአመልካች ጣቱ ነካ አደረገው።

«ወንድሜ፣ ላስኮውን የት አደረስከው?» አለኝ።

«አጠበቅሁት።»

«እንግዲያው ትንሽ ትቀዝቅዝልህና ፍታላት፤ ታንቃለች እኮ።»

ቀዘቀዘች፣ የፔዳሉን ማቆሚያ ትንሽ መለስኩ፣ ሽንኩርቱን ይዤ ወጣሁ። ሸራው ግን የዚያን ቀን የተቃጠለው ተቃጥሏል።

የጸሐፊው ስህተት በዚህ አያበቃም፤ አቅጣጫውንም ገልብጠውታል። ላስኮ ሲበዛ ፍሪሲዮኑ አርጅቷል ይላሉ። በእጅ በሚስተካከል ፍሪሲዮን ላይ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ሸራው ሲሳሳ ተጭኖ የሚይዘው ሰሃን ወደ ቮላኖው፣ ከሞተሩ ጋር ወደሚዞረው ከባድ ሰሃን፣ ይጠጋል፤ ሰሃኑ ሲጠጋ በመሃሉ ያሉት የሞላ ጣቶች ወደ ኩሽኔታው ይወጣሉ። ክፍተቱን ይበሉታል ማለት ነው። ስለዚህ ሸራ ባለቀ ቁጥር ፔዳሉ ላይ ያለው ነፃ ጉዞ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ትናንት 30 ሚሊሜትር የነበረው ዛሬ 10 ከሆነ መኪናዋ አልታደሰችም፤ ሸራዋ ወደ መጨረሻው እየሄደ ነው። ጸሐፊው ይህንን እንደ መልካም ዜና እንዲነበብ ነው ያስተማሩት። ጭማሪ ከታየ ደግሞ የሚመረመረው ፒኑ፣ ቦኮላውና የሹካው ማስተካከያ ነው፤ ማለትም ያ የመጀመሪያው ዓይነት ላስኮ ሁለተኛው ውስጥ ገብቶ ተደባልቋል።

ላዳ ላይ ያለውን ሞላ በተመለከተ ብዙ አልልም። ፔዳሉ ከላይ ሲሆን ወደ ላይ ይይዘዋል፤ ፔዳሉ ወደ ታች ሲሄድ ደግሞ አብሮ ይገፋል፣ እግር ያሳርፋል። ያለሱ መኪናዋ ትሄዳለች፤ ጸሐፊው በዚህ አልዋሹም። ነገር ግን ፔዳሉ በራሱ ክብደት ወርዶ ያቺን ከላይ ያልናትን ቀዳዳ ቢደፍናት፣ ላስኮውን በእጅዎ እንዳጠፉት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ማርሽ በየሜዳው የሚቀይር ሰው ግራ ጉልበቱን ይጠይቀው።

ኮፒሊያው። «ሽቦ ይተካዋል።» እሺ፣ ይተካዋል፤ እኔም ተክቼዋለሁ። የመጀመሪያውን ጊዜ ስገጥም ፒኑን የሚይዘው ማቆሚያ ተስፈንጥሮ ምንጣፍ ሥር ጠፋ። ከአጥር ላይ ሽቦ ቆርጬ በፒንሳ ጠመዘዝኩት፣ አጥብቄ አሰርኩት፣ በሥራዬም ተደሰትኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ከሳምንታት በኋላ ከአንኮበር ስመለስ፣ ጎረቤላን ለቅቄ ብዙም ሳልርቅ፣ ማርሽ ልቀይር ብረግጥ እግሬ የረገጠው አየር ነው። ሽቦው ተቆርጦ ፒኑ ወልቋል፤ ፔዳሉ ከምንም ጋር ሳይያያዝ ይንጠለጠላል። ለስላሳ ሽቦ መጠምዘዝ ይችላል እንጂ በቀን ብዙ መቶ ጊዜ መገፋትና መመለስ አይችልም፤ የሚቆረጠውም ሁልጊዜ ከተጠመዘዘበት ላይ ነው።

ፒኑን ሣር ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁትም፤ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለ ፍሪሲዮን ደብረ ብርሃን ገባሁ። እንዴት ቢሉ፣ ሞተር አጥፍቶ አንደኛ ማርሽ ማስገባት፣ ከዚያ ቁልፉን ማዞር፤ ሞተሪኖው መኪናዋን እየጎተተ ያስነሳታል። ሁለተኛ ለማስገባት ነዳጅ ለቀቅ፣ ማርሹን በቀስታ ወደ ፎሌ (የትኛውም ማርሽ ወዳልገባበት ቦታ)፣ የሞተሩ ድምፅ እስኪወርድ መጠበቅ፣ ከዚያ በሁለት ጣት ገፋ። ከተሳካ ይገባል፤ ካልተሳካ ካምቢዮው ይፋጫል። በመንገድ ላይ በግ ባቋረጠ ቁጥር ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀመራል። አንድ እረኛ ልጅ ስነሳ አይቶ «ጋሼ፣ መኪናዎ እንደ ፍየል ዘለለች» ብሎኛል። ሞተሪኖውም ከዚያ ቀን በኋላ እንደ ድሮው አልሆነም። የአንዲት ኮፒሊያ ዋጋ ከዚህ ሁሉ ጋር ይተያይ። ለድንገተኛ፣ ቤት እስኪደረስ፣ ሽቦ ይሁን፤ ጸሐፊው «ለጊዜው» የምትል አንዲት ቃል ቢጨምሩ ኖሮ ይህን አንቀጽ አልጽፍም ነበር።

ፔዳሉ ወለል ላይ ከቀረ ፖምፓው ሞቷል የሚለው ፍርድ ቸኩሏል። ፔዳሉን ብቻ አውርደው የሰቀሉ፣ የዘይት ቱቦ ያልፈቱ ከሆነ፣ ትናንት የሚሠራ ፖምፓ ዛሬ ለምን ይሞታል? ቀድሞ የሚታየው ገፊው ዘንግ ፒኑ ላይ መሰካቱ ነው፤ ተጋድሞ የሚሠራ ሰው ይህን መሳቱ ያለ ነው። ቀጥሎ ሞላው በትክክል መንጠልጠሉ። ቀጥሎ ቋቱ ውስጥ ያለው ዘይት። ከዚያ እጅን ወደ ላይ ሰድዶ ዘንጉ ፖምፓው ውስጥ የሚገባበትን ቦታ መዳሰስ፤ እርጥብ ከሆነ ፖምፓው በእርግጥ ያፈሳል፣ ጸሐፊው ልክ ይሆናሉ። ደረቅ ከሆነና ፔዳሉ ሲደጋግሙት ከፍ እያለ የሚመጣ ከሆነ ግን የገባው አየር ነው፤ አየር ደግሞ በነፃ ይወጣል። ከታችኛው ፖምፓ አየር መልቀቂያ ላይ ቀጭን ላስቲክ ተሰክቶ፣ ሌላው ጫፉ ዘይት ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጠመቃል። አንድ ሰው ይረግጣል፣ አንዱ ይከፍታል። የኔ ረጋጭ ልጄ ናት፤ «ያዢ» ስላት ይዛ፣ «ልቀቂ» ስላት የምትለቅ፣ ቀድማ የማትለቅ። መልቀቂያው ሳይዘጋ እግር ከተነሳ አየሩ ተመልሶ ይገባል፤ ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ አረፋ እስኪያቆም ይደገማል፤ በመሃል ቋቱ እንዳይደርቅ ይሞላል።

የሚሞላው ታዲያ የፍሬን ዘይት ብቻ ነው። የሞተር ዘይት ጎሚኒውን ያሳብጠዋል፤ ያበጠ ጎሚኒ ፒስተኑን ይይዛል። ጸሐፊው «ሞቷል» ያሉት ፖምፓ በዚህ ምክራቸው በእርግጥ ይሞታል።

የቀረው ጣርማበር ነው። ፎሌን ነጥዬ ላንሳ፤ ማርሽ ላይ ሆኖ ፍሪሲዮን ረግጦ መውረድና በፎሌ መውረድ ለመኪናዋ አንድ ናቸውና። የጋራዥ አማርኛችን ግማሹ ከጣልያን ነው፤ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ላስኮ፣ ዳዶ። የጣርማበርን ዋሻ የቆፈረውም ያው ጣልያን ነው። ላዳም ብትሆን ከሩሲያ ትምጣ እንጂ ከፊያት 124 ነው የተወለደችው፤ ቃሉ አይጠፋትም። በጣልያንኛ ፎሌ ማለት «እብድ» ማለት ነው። ከዋሻው ወጥቶ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ከዚያ ጉም ውስጥ ወደ ደብረ ሲና በፎሌ የሚወርደውን ሰው ቋንቋው ቀድሞ ሰይሞታል።

ነዳጅ ይቆጥባል ስለተባለው፣ ለካርቡሬተር መኪና ጥቂት እውነት አለው፤ አልክድም። በኢንጄክሽን ለሚሠሩት ግን እንኳን ሊቆጥብ፣ ይብስበታል፤ በማርሽ ሲወርዱ ነዳጁ ተዘግቶ ሞተሩ በጎማው ኃይል ይዞራል፣ በፎሌ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣት አለበት። የተቆጠበው ሁሉ ተቆጥቦ ቁልቁለቱን የሚሸከመው ፍሬን ብቻ ይሆናል። ፍሬን ይግላል፣ ዘይቱ ይፈላል፣ ፔዳሉ ይላላል። ኩሽኔታውም ያን ሁሉ ጠመዝማዛ ተረግጦ እንዲዞር አልተሠራም።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን እንደ ፈተና መቅረቡ ነው። ቁልቁለት ስለ ፍሪሲዮን ምንም አይናገርም። ፍሪሲዮን የሚንሸራተተው ጭነት ሲበዛበት ነው፤ ማለትም አቀበት ላይ። አልለቅ ማለቱ ደግሞ የሚታወቀው ቆሞ ነው። እኔ ሦስተኛውን ጊዜ ስገጥም እንዲህ ፈተንኩት። ሰፊ ሜዳ ላይ፣ ፊት ለፊቴ ሰው በሌለበት፣ ሞተሯን አስነስቼ ፍሪሲዮን ረገጥኩ፤ ሦስት አራት ሰከንድ ቆጥሬ ኋላ ማርሽ አስገባሁ። ሳይፋጭ ገባ፤ ስለዚህ ይለቃል። ከዚያ የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ስቤ፣ አራተኛ ማርሽ አስገብቼ፣ ትንሽ ነዳጅ ሰጥቼ ፍሪሲዮኑን ለቀቅሁ። ሞተሯ ወዲያው ጠፋች፤ ይይዛል። ሳትጠፋ መጮኋን ብትቀጥል ይንሸራተት ነበር። ይህ ሸራ ስለሚያቃጥል አንዴ ብቻ ነው የሚሞከረው። በመጨረሻ ማስመሪያውን ወለሉ ላይ አቁሜ ፔዳሉን በአንድ ጣት ተጫንኩ፤ ክብደቱ የጀመረው 30 ሚሊሜትር ላይ ነው። እጄን በጋዝ ታጥቤ ገባሁ፤ ወደ ጣርማበር የሄድኩት በነጋታው ነው፣ እሱም በሁለተኛ ማርሽ።